ዓይን የሌላቸው ሐዋርያት

ለኤግዚቢሽኑ የተሠራው ሥዕል ከሠዓሊው ከአለቃ ገብረ አማኑኤል ጋር ተቀበረ። ልጃቸው ፀሐይወርቅ ይህን የሰማችው ማንም ሊነግራት አስቦ አይደለም። ሀብተ ማርያም ጠላ ቀምሶ አፉ ስለተፈታ ነው።

ሀብተ ማርያም የአባቷ የአክስት ልጅ ነው። በደብሩ ሰው ሲሞት አጥቦ የሚገንዘው እሱ ነው። የለቅሶው ዳስ ውስጥ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ንፍሮውን እየዘገነ፣ ስለ ሥራው እንደሚያወራ ማንኛውም ባለሙያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር።

"ስንቱን ገንዣለሁ። እንደ አለቃ ተሰናድቶ የሞተ ግን አላየሁም። ጥቅልላቸው እንኳ በቁመታቸው ልክ ተሠርቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው ያገኘነው።"

"የቱ ጥቅልል?" አለው አጠገቡ ያለው ሰው።

"የጸሎቱ ነዋ፣ ከሬሳ ጋር የሚገባው። ያውም በብራና አይደለም፣ በአቡጀዲ። ከእግራቸው እስከ ራሳቸው ጠቀለልንባቸው።"

በዚያ አገር ደህና ዕድሜ ያገኘ ሰው በቁመቱ ልክ የጸሎት ጥቅልል አጽፎ ያስቀምጣል፤ ሲሞት እላዩ ላይ ይጠቀለልበታል። ስለዚህ ማንም አልተገረመም። ፀሐይወርቅ ግን ንፍሮውን ወደ ሰሐኑ መለሰችው።

"አያ ሀብተ ማርያም፣ አቡጀዲው ላይ ምን ነበረ?"

"ሥዕል ነዋ። የሠዓሊ ጥቅልል ምን ይኑርበት ታዲያ?"

ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

"ጠባብና ረጅም ነው? ዳርና ዳሩ በቀይ የተቀለመ?"

"አየሽው እንዴ?"

አላየችውም። ልኩን ግን ታውቃለች። በዓለም ከተማው አዳራሽ በሁለት መስኮቶች መሐል ያለውን ግድግዳ በሲባጎ ለክታ ለአባቷ ያመጣችው ራሷ ነበረች። ሲባጎውን ከአናታቸው እስከ እግራቸው ዘርግተው፣ "ልክ የኔ ቁመት ነው" ብለዋት ነበር።

"ጸሎት አይደለም" አለች። "ለእሁዱ ትርኢት የሠሩት ሥዕል ነው። የቀበራችሁት እሱን ነው።"

ሀብተ ማርያም እጁ አየር ላይ ቀረ።

"መቃብሩ ይከፈትና ይውጣ።"

በሴቶቹ በኩል ታወርድ የነበረችው አልቃሽ ግጥሟን ከመሐል ቆረጠች። አባቷ ከተቀበሩ ገና አንድ ሌሊት ማደራቸው ነው፤ እሷም መርዶው ዓለም ከተማ ደርሷት በበቅሎ ስትገሰግስ የደረሰችው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ልጅ ናት፣ ሐዘኑም ትኩስ ነው። ቢሆንም መቃብር ይከፈት የሚል ሰው እዚያ ዳስ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሰምተው አያውቁም።

አባ ኪዳነ ወልድ፣ የአባቷ የነፍስ አባትና የደብሩ አስተዳዳሪ፣ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። "ሐዘን ያናግራል፣ ልጄ። ተቀመጪ።"

"ሐዘን አይደለም ያናገረኝ፣ አባ።"

"እንግዲያስ የባሰ ነው። ተቀመጪ።"

ከዚያ እናቷ ተናገረች። አስካለ ማርያም ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ሳይወጣት ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

"ጥቅልሉን ከሳጥን አውጥቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በቁመታቸው ልክ ነበር። በቃ።"

ፀሐይወርቅ ተቀመጠች። ከንዴቷ ይልቅ እፍረት ተሰማት። ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ባሏ በድንገት ወድቆባት፣ ሰዎች ጥቅልሉስ የታለ እያሉ ሲያጣድፏት፣ ያገኘችውን ጥቅል አቀበለች። ማን ይፈርድባታል? ሥዕሉ ግን ሄደ። ምን እንደተሣለበት እንኳ አታውቅም።

*

ትርኢቱ የእሷ ሐሳብ ነበር። በዓለም ከተማ አዲስ የተሠራው የኅብረተሰብ ማዕከል የቆርቆሮ ጣራና የሲሚንቶ ወለል ያለው ሰፊ አዳራሽ ነው። ኃላፊው አቶ ወሰኔ የስፌትና የፊደል ትምህርት እየሰጠ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ንግግር እያስደረገ፣ አዳራሹ ግማሹን ሳምንት ባዶ መሆኑ ያበሳጨው ነበር። ፀሐይወርቅ ለፋሲካ ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ አግኝታው፣ "ለምን ሥዕል አታሳይበትም?" አለችው።

"የማንን ሥዕል?"

"የዚህን አገር ሠዓሊዎች። ከራቤል አለ፣ ከቀየት አለ። አባቴ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሣሉት መቅደስ ግድግዳ ላይ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ጧፍ ካልተበራ አይታይም። ከሥሩ ስም እንኳ የለበትም።"

ወሰኔ ወደደው። ያልወደዱት አባቷ ነበሩ። አለቃ ገብረ አማኑኤል ሥዕል ስመው የሚያልፉት እንጂ እጅን ኋላ አጣምረው የሚያዩት ነገር ነው ብለው አያምኑም። ሁለት ቀን ሙሉ ነዘነዘቻቸው። በሁለተኛው ቀን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደደበቁ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ድንገት ጠየቋት።

"የግድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሆን አለበት?"

"የለበትም። የፈለጉትን።"

"የፈለግሁትን።" ቃሉን እንደ እንግዳ ምግብ አላመጡት። "እንደሱ ከሆነ አንድ የምሥለው ነገር አለኝ። ከሥሩ የሚጻፈውን ስም እኔ እነግርሻለሁ።"

"ስምዎንማ አውቀዋለሁ፣ አባባ።"

"እኔ እነግርሻለሁ አልኩሽ እኮ።"

ደጁ ላይ እናቷ የገብስ እሸት ትጠብስ ነበር። እሷ ቀና ብላ ባሏን አየቻቸው፤ እሸቱ እስኪያር ድረስ አየቻቸው። ፀሐይወርቅ ያን ጊዜ ልብ ያለችው የእሸቱን ሽታ ብቻ ነው። ቸኩላ ነበር፤ ለትርኢቱ በራሪ ወረቀት የሚሆን ጽሑፍ ማሰናዳት ነበረባት። "በጥሊያን ቦምብ ያልተሰበረ እጅ" ብላ ጀመረችው። ጥሩ አጀማመር መስሏት ነበር።

*

የመቃብሩ ነገር በተነሣ በማግስቱ አቶ ወሰኔና መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ በበቅሎ ደረሱ። መሪጌታ የራቤል ሠዓሊ ናቸው፤ ለትርኢቱ ሥዕላቸውን ይዘው ዓለም ከተማ መጥተው ሳለ ነው የሰሙት። ከበቅሎ ሳይወርዱ ጀምረው አለቀሱ፣ አልቅሰው ሲጨርሱ አፍንጫቸውን በኩታቸው ጠርገው ጠላ ጠየቁ።

"አንድ ዓመት ይበልጠኝ ነበር" አሉ። "ያቺን አንድ ዓመት ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቆጥረኝ ኖረ። አሁንም ቀደመኝ።"

ወሰኔ ጫማው ጭቃ ስለሆነ የት እንደሚያሳርፈው ጠፍቶት፣ ፀሐይወርቅ ጎን ቁጢጥ አለ። ነገሩን በሹክሹክታ ነገረችው።

"ቀበሩት? ሥዕሉን?"

"ቀበሩት።"

"ግድግዳው ባዶ ነው" አለ፤ ወዲያው በአነጋገሩ አፈረ። "ማለቴ… ለአለቃ የተተወው ቦታ። አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የእሳቸው ሥዕል ያስፈልገን ነበር። እዚህ ሌላ የለም?"

አባ ኪዳነ ወልድ ሰምተው ኖሮ መለሱለት። "አንድ አለ፣ የኛው ደብር ያሠራው። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት። ለመቅደሱ ግድግዳ ነው፤ አለቃ በአቡጀዲው ላይ ሁሉንም ጨርሰው ዓይኑ ነው የቀረው። ዓይን የሌለውን ደግሞ ግድግዳ ላይ አንለጥፍም። መሪጌታ፣ አደራዎን፣ እርስዎ ቢጨርሱልን?"

"ካለቀ እሁድን እኛ ጋ ቢውል?" አለ ወሰኔ።

"ካለቀ ይዋልላችሁ። ገና ስላልተባረከ ክልክል አይደለም።"

መሪጌታ ጠላቸውን ጨለጡ። "እጨርሰዋለሁ። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ የኔ ዓይን የገብረ አማኑኤል ዓይን አይሆንም። እኔ የአራት ደብር ግድግዳ ሥያለሁ። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። የሱ ሥዕል ግን እሱ ነው ሰውን የሚያየው።" ጢማቸውን ጠረጉ። "የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሠዓሊ ሲያረጅ መስመሩ ይወፍራል። ዓይን ይፈዛላ፣ እጅ ይከብዳላ። የሱ መስመር ግን ከጥሊያን ወዲህ እየቀጠነ ሄደ። ጠይቄው ነበር፣ 'ምን እየበላህ ነው?' ብዬ።"

"ምን አሉ?"

"'ሚስቴ የሰጠችኝን' አለኝ።"

ዳሱ ሳቅ አለ። አስካለ ማርያም አልሳቀችም። ፀሐይወርቅ እናቷን ያየችው ባጋጣሚ ነው፤ አስካለ ማርያም ቡጢዋን ጨብጣ ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ ከጣቶቿ መሐል ንፍሮው ተጨፍልቆ ይወጣል።

"እስቲ ክፍሉ ይከፈትና ሐዋርያቱን ልያቸው" አሉ መሪጌታ።

"ቁልፉ ጠፍቷል" አለች አስካለ ማርያም።

"ይፈለጋላ።"

"ይፈለጋል። ዛሬ አይሆንም።"

ቁልፉ አልጠፋም። ከእናቷ ማተብ ጋር ተንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ስትል ከቀሚሷ አንገት ብቅ እያለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይወርቅ ስታየው ነበር። እናቷ ለሐዘን በመጣ ካህን ፊት ዋሸች። ፀሐይወርቅ አሁን ነው በእርግጥ የደነገጠችው። እናቷ ተሳስታ ጥቅልል ማቀበሏ ያሳዝናል፤ ውሸቷ ግን ስሕተት አይደለም።

*

ሀብተ ማርያም አጥሩ ጋ ጠብቆ ያዛት።

"ፀሐይዬ፣ ተቀይመሽኛል።"

"አልተቀየምኩም። ምን ነበር የተሣለበት?"

"በቅጡ የት አየሁት። አባ አንዴ ቸኩል፣ አንዴ ፀሐይ ጠናች ይሉኛል። እናትሽ ደግሞ ከራሴ ላይ ቆማለች።" ዙሪያውን ቃኘ። "ሴት ናት። መሬት የተቀመጠች።"

"እመቤታችን?"

"እኛም እንደሱ ብለን ተሳልመን ነበር። ኋላ ሳይ ልጇን አልታቀፈችም። ብሩሽ ነው የያዘችው።"

"ብሩሽ?"

"አባ፣ 'ቅዱስ ሉቃስ ነው፣ ወንጌላዊው ሠዓሊ ነበረ' አሉ። እሺ፣ ሉቃስ ይሁን። ሉቃስ ሹሩባ ይሠራል? ሉቃስ እንደ ጎረቤት ሴት ነጠላ ያገለድማል?" ሊስቅ ጀምሮ ተወው። "ሥዕሉም ይቅር ይበለኝና የአለቃ አይመስልም። መስመሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃን በከሰል የሞነጫጨረው ነው የሚመስለው። ደግሞ…"

"ደግሞ ምን?"

"ዓይን የላትም። እንቁላል የመሰለ ፊት፣ ባዶውን። እኔ ሬሳ አልፈራም፣ እንጀራዬ ነው። እሷን ግን ፈራኋት። ቶሎ ብዬ ጠቀለልኩት።"

ፀሐይወርቅ አጥሩን ይዛ ቆመች።

ልጅ ሳለች አባቷ አንድ ሥዕል ከዓይኑ በቀር ሲያልቅ፣ "ዛሬ ዓይን እናበራለን" ይሉ ነበር። የዚያን ቀን የሥዕሉ ክፍል ይዘጋል። ማንም አይገባም፤ ገበዝ ቢመጣ፣ ምስለኔ ቢመጣ ውጭ ይጠብቃል። እናቷ ብቻ ትገባለች፤ ቀለም ለመያዝ። ፀሐይወርቅ በሩ ሥር ቁጭ ብላ በጠጠር ስትጫወት ከውስጥ የአባቷን ድምፅ ትሰማ ነበር። ዝግ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። "ትንሽ ወደ ግራ። እዚያው ላይ። አሁን ሳቢው። ተይው፣ ተይው፣ በቃሽ።"

ቀለም የምትይዝ ሴት ይህን ያህል የምትታዘዘው ምን አላት? ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ሎጂክ የሚባል ትምህርት ተምራ፣ ፈተናውን በጥሩ ነጥብ አልፋ፣ በራሪ ወረቀት ጽፋ፣ ይህን አልጠየቀችም። አባቷ ጠላ በሁለት እጃቸው የሚይዙት፣ ለሰው እጅ ሲነሡ እንኳ እጃቸውን ከጋቢያቸው የማያወጡት ለምን እንደሆነ ጠይቃ ነበር። "ብርድ ነው" አሏት። አመነች።

*

ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሳሳ። ፀሐይወርቅ እናቷ አጠገብ ሄዳ፣ "ቁልፉን" አለች።

አስካለ ማርያም ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ተነሣች፤ ቁልፉን አልሰጠቻትም፤ ራሷ ሄዳ ከፈተችው።

አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በግድግዳው ላይ በተወጠረው አቡጀዲ ላይ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ልብሳቸው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ እጥፋቱ ሁሉ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። ጣቶቻቸው ረጃጅም ናቸው። ፊታቸው ላይ ጢም አለ፣ ቅንድብ አለ፣ ከቅንድቡ በታች ባዶ ነው። ከሥዕሉ ፊት ለፊት መሬት ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ አጠገቡ የአባቷ በርጩማ አለ። አጎዛው መሐሉ ላይ ተልጦ ቆዳው ወጥቷል፤ ለዓመታት ሰው ተቀምጦበታል።

"ጥቅልሉ ላይ የተሣልሽው አንቺ ነሽ።"

"ሀብተ ማርያም አፉ ሰፊ ነው።"

"ጸሎት አለመሆኑን ታውቂ ነበር።"

"አቡጀዲውን ሙጫ የቀባሁት እኔ፣ እንዴት አላውቅም።"

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አስካለ ማርያም ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና አጎዛው ላይ ተቀመጠች፤ ቦታው ላይ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ሳታይ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ፀሐይወርቅ።

"አንቺ ሳትወለጂ። የጥሊያን ቦምብ ፍንጣሪ ክንዱን ካገኘው በኋላ።" ፀሐይወርቅ እናቷ አባቷን "እሱ" ስትል ሰምታ አታውቅም። በሰው ፊት ሁልጊዜ "እሳቸው" ነበሩ። "ግማሽ የደረሰ የማርያም ሥዕል ነበረበት። ብሩሹን ያዘ፣ ወደቀበት። ያዘ፣ ወደቀበት። አንሥቼ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። 'እስቲ አንቺ ሳቢው' አለኝ።"

"ሁሉንም አንቺ ነሽ የሣልሽው?"

"መጀመሪያ ልብሱን ብቻ። ኋላ እጁን፣ ኋላ ፊቱን። ዓይኑን ብዙ ጊዜ ፈርቼዋለሁ። እሱ እዚያ ተቀምጦ ይነግረኛል። ቀለሙን ጉልበቱ ላይ ይይዝልኛል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቀለሙ ይናወጣል፣ ብሩሼን ስነክር መጠበቅ አለብኝ። ለመድኩት።"

"አባባ የሣሉት አምስት ደብር ነው እኮ።"

"አምስት ነው።"

"አምስት ደብር ውስጥ ሰው የሚሳለመው…"

"የሚሳለመው እመቤታችንን ነው፣ እኔን አይደለም።" አስካለ ማርያም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እንዲያውቁ ትፈልጊያለሽ? በቢላ ነው የሚፍቁት። የሴት እጅ ነው ይላሉ፣ እጇ በየወሩ የት እንደነበረ ማን ያውቃል ይላሉ። በነዚያ ቀናት ነክቼ አላውቅም። አንድም ቀን። ማን ያምነኛል?"

"አባባ ይህን እያወቁ ነው ሊያሳዩ የነበረው?"

"እልህ ያዘው። ያስያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ስም ይጻፍ፣ ስም ይጻፍ እያልሽ። 'በሰው ሥራ አለቃ ተብዬ አልሞትም' አለ። አይሆንም አልኩ። ተጣላን። ከፋሲካ ወዲህ በዚህ ቤት እሺና እምቢ እንጂ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። እዚህ ብቻውን ገብቶ በሩን ዘጋና ሣለው። እኔ ውጭ።" ወደ በሩ በአገጯ አመለከተች። "ሲጨርስ ጠራኝ። 'ዓይኑን አንቺ አብሪው፣ የራስሽ ነው' አለኝ። እምቢ አልኩት። ማታ ነው እምቢ ያልኩት። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ።"

ከውጭ የወሰኔና የካህናቱ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ በቅሎዎቹ መኖ ነው የሚያወሩት።

"እና ለደብሮቹ ብለሽ ቀበርሽው።"

"ለደብሮቹም ብዬ።" አስካለ ማርያም ቀለም የደረቀበትን የሸክላ ሳሕን አነሣችና በጥፍሯ ፋቀችው። "አስቀያሚ ነበር።"

"ምኑ?"

"ሥዕሉ ነዋ። አንዱ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል፣ አንዱ ወርዷል። እጄ እንቁራሪት ነው የሚመስለው። ከሃያ ዓመት በላይ ብሩሽ ሳይነካ የሣለው ነው፣ ያውም በዚያ እጅ። ያንን ከኃይለ ኢየሱስ ጎን ልትሰቅዪው ነበር? ሰው ከያለበት መጥቶ፣ 'ገብረ አማኑኤል ይሄ ነው እንዴ?' ሊል?" ሳሕኑን አስቀመጠችው። "አላሳይም። እኔን ይሣለኝ፣ እሺ። በሱ ግን አይስቁበትም።"

ፀሐይወርቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። "እሁድ ልናገር እችላለሁ" አለች። "ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ስምሽን ጠርቼ።"

"ትችያለሽ።"

"አትከለክይኝም?"

"አንድ ሰው ከልክዬ አየሁት።"

ከውጭ እግር ቀረበ። "ተገኘ መሰል ቁልፉ" የሚል የመሪጌታ ድምፅ ተሰማ፤ ኮቴያቸው ከባድ ነው፣ አይቸኩሉም። አስካለ ማርያም ሐዋርያቱን ከዳር እስከ ዳር ቃኘቻቸው።

"ኃይለ ኢየሱስ ዓይን ሲሠራ ሁሉንም የተቆጡ ያስመስላቸዋል" አለች።

ከመደርደሪያው የጠቆረች ማሰሮ አወረደች፤ ጥቁሩን ቀለም በሳሕኑ ላይ አፈሰሰችና በጣቷ በጠበጠችው። ቀጭኑን ብሩሽ በከንፈሯ አሾለችው። ከዚያ ሳሕኑን የምታስቀምጥበት አጣች። ወደ ግራዋ ዞረች፣ ዓመታት የዞረችበት ቦታ። በርጩማው ባዶ ነው።

ፀሐይወርቅ በርጩማውን ጎትታ አስጠጋችላት።

"እዚያ አይደለም" አለች እናቷ። "ጉልበቱ እዚህ ጋ ነበር።"

በርጩማውን ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ገፋችው፤ ሳሕኑን እላዩ ላይ አሳረፈችው፤ ብሩሹን ወደ ቀለሙ ሰደደችና ሳትነክር ቆመች፤ የሚናወጥ ነገር እስኪረጋ እንደምትጠብቅ። ቀለሙ አልተናወጠም።

ፀሐይወርቅ ወደ በሩ ሄደች። መሪጌታ፣ አባ ኪዳነ ወልድና ወሰኔ ከደጃፉ ጥቂት እርምጃ ላይ ነበሩ። በትከሻዋ ክፍተቱን ሸፈነችው።

"ሐዋርያቱ አልቀዋል" አለች። "አባባ ጨርሰዋቸው ኖሯል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ አቧራ እንዳይገባበት ዛሬ ማንም አይግባ።"

መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ቆም አሉ። ትኩር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ከትከሻዋ በላይ ያለውን ጨለማ አዩ። "ዓይኑም?" አሉ።

"ዓይኑም።"

"እንግዲያስ ይድረቅ" አሉ መሪጌታ፤ የአባ ኪዳነ ወልድን ክንድ ይዘው ወደ ዳሱ ዞሩ።

ወሰኔ ቀረ። "እሁድ ልንሰቅለው ነዋ?"

"ስቀለው። ስለ እጅ የጻፍኩትን ግን ከወረቀቱ አውጣው።"

"ከሥሩ ምን ይጻፍ?"

"ምንም።"

"የሌሎቹ ሁሉ ስም እኮ አለበት። ስም ይጻፍ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ይህኛው ባዶ ይሁን" አለች። ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።